ለሕግ ትምህርት ቤት ዲን ስትመርጡ፦ ከውስጥ፣ ከውጭ ወይስ ከችሎት?

የሕግ ትምህርት ቤት ዲን የሚመረጠው ብዙ ጊዜ በጥድፊያ ነው። የነበረው ዲን ለሦስተኛ ዲግሪ ወደ ውጭ አገር ይሄዳል፣ ወይም ለፍርድ ቤት አለዚያም ለሌላ የመንግሥት ኃላፊነት ይታጫል፣ ወይም ሁለት ዓመት ታግሎ «በቃኝ» ብሎ ወደ ማስተማሩ ይመለሳል። ደብዳቤው ሰኞ ይደርሳል፤ ዓርብ ሳይደርስ አንድ ሰው በውክልና ይቀመጣል። ከወራት በኋላ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ሁለት ሦስት ሰዎች ያመለክታሉ፣ ነጥብ ይደመራል፣ ሹመት ይሰጣል። በዚህ ሁሉ መካከል ሳይጠየቅ የሚታለፍ ጥያቄ አለ፦ ትምህርት ቤቱ አሁን የሚያስፈልገው ምን ዓይነት ሰው ነው?

በሕግ መምህርነት በቆየሁባቸው ዓመታት ሁለት ጊዜ የዲን አስመራጭ ኮሚቴ አባል ሆኛለሁ። የመጀመሪያው ምርጫ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ሁለተኛውን ሳስበው ደስ ይለኛል። በሁለቱም ጊዜ የቀረቡልን አማራጮች ግን አንድ ዓይነት ነበሩ፦ የቤቱ መምህር፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣ አመልካችና የፍርድ ቤት ሰው። በመጀመሪያው ጊዜ የተነጋገርነው ስለ ዕጩዎቹ ብቻ ነው። በሁለተኛው ስለ ትምህርት ቤቱ ተነጋግረን ከጨረስን በኋላ ነበር ማኅደሮቹን የከፈትነው። በቅርቡ በዚያ ወንበር ላይ ለምትቀመጡ ባልደረቦቼ አማራጮቹን እኔ እንዳየኋቸው ላነጻጽርላችሁ።

መጀመሪያ ቤቱን መርምሩ

በአገራችን የሕግ ዲን የሚሸከመው ሥራ ከሌሎች ዲኖች ሥራ ይለያል። የመጀመሪያ ዲግሪው አምስት ዓመት ይፈጃል። የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ለሁሉም የትምህርት መስኮች ከመድረሱ ከብዙ ዓመታት በፊት የሕግ ተማሪዎች ይፈተኑ ነበር፤ ስለዚህ የሕግ ዲን ስም ከፈተና ውጤት ጋር አብሮ ሲነሣ ኖሯል። ከዚህ ሌላ አቅም ለሌላቸው ባለጉዳዮች የሚሰጠው ነጻ የሕግ ድጋፍ አለ፤ ተማሪዎች በፍርድ ቤትና በዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሚያደርጉት የተግባር ልምምድ አለ፤ ተማሪዎች እንደ ፍርድ ቤት የሚከራከሩበት ምስለ ችሎት አለ፤ የሕግ መጽሔት አለ፤ የማታና የቅዳሜና እሁድ ተማሪዎች አሉ። ዲኑ ከፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት፣ ከፍትሕ ቢሮውና ከማረሚያ ቤቱ አስተዳደር ጋር መተዋወቅ ይኖርበታል። ሥልጣኑ ግን ጠባብ ነው። ደመወዝ መጨመር አይችልም፤ በጀቱን የሚያጸድቁት ሌሎች ናቸው፤ ግዢው በማእከል ይፈጸማል፤ ቅጥርም ከላይ ካልተፈቀደ አይታሰብም። በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 ለዩኒቨርሲቲዎች የራስ ገዝነት መንገድ ተከፍቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቀዳሚው ከሆነ ወዲህ ይህ ሊለወጥ ይችላል። እስከዚያ ድረስ ግን የምትመርጡት ሰው በትእዛዝ ሳይሆን በማግባባት የሚሠራ መሆን አለበት።

ስለዚህ ኮሚቴው ማስታወቂያ ከማውጣቱ በፊት አንድ ሳምንት ወስዶ ቤቱን ይይ። ባለፉት ሦስት ዓመታት ስንት መምህራን ለቀቁ? ለትምህርት ሄደው ያልተመለሱትስ ስንት ናቸው? የፈተናው ውጤት የወደቀው በየትኞቹ ትምህርቶች ነው፤ በሥነ ሥርዓት ሕጎች ነው፣ በውል ሕግ ነው፣ ወይስ በሁሉም? የነጻ ሕግ ድጋፉ ቢሮ በሳምንት ስንት ቀን ይከፈታል? መጽሔቱ የመጨረሻ እትሙን ያወጣው መቼ ነው? መምህራኑ በሻይ ሰዓት በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ ወይስ በሁለት? የመጨረሻዋ ጥያቄ የማትረባ ትመስላለች፤ በእኔ ዘንድ ግን ከሁሉም በላይ ብዙ የምትናገር እርሷ ናት።

መልሶቹ ተሰብስበው ሲታዩ ቤቱ ምን እንደጎደለው ይታወቃል። መምህር የሚፈስበት ቤት ሰው የሚያቆይ ዲን ይፈልጋል። በቡድን የተከፈለ ቤት ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ሰው ይፈልጋል። ተማሪዎቹ አንቀጽ እየጠቀሱ አቤቱታ መጻፍ የማይችሉበት ቤት ችሎት የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል። አዲስ የተከፈተ ትምህርት ቤት ደግሞ ከባዶ ማቋቋም የሚችል ሰው ይሻል። አንድ ሰው እነዚህን ሁሉ አሟልቶ አይገኝም። አሟልቻለሁ የሚል ዕቅድ ይዞ የመጣ አመልካች ካጋጠማችሁ በጥንቃቄ አንብቡት።

ከቤቱ የወጣ ዲን

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይባላል። ከውስጥ የሚመረጥ መምህር ትልቁ ሀብቱ ቤቱን ማወቁ ነው። የትኛው መምህር ውጤት እንደሚያዘገይ፣ የትኛው ትምህርት ለዓመታት በተመሳሳይ ማስታወሻ እንደሚሰጥ፣ ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ጉዳይን የሚያፋጥነው ማን እንደሆነ ያውቃል። ሌላው ስድስት ወር የሚማረውን እርሱ በመጀመሪያው ሳምንት ይሠራዋል። መኖሪያውም እዚያው ስለሆነ አስቸጋሪ ሴሚስተር በመጣ ቁጥር ሻንጣ አያነሣም።

ችግሩም ከዚያው ከማወቁ ይመነጫል። በክልል ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ የሕግ መምህራን አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ አንድ ክፍል የተማሩ፣ አንድ ቤት ተከራይተው የኖሩ፣ አንዱ ለሌላው በሠርጉ ሚዜ የሆኑ ናቸው። ትናንት አብሮህ ምሳ የበላውን ጓደኛህን «ውጤት ለምን ሁለት ወር ዘገየ?» ብሎ በደብዳቤ መጠየቅ ከባድ ነው። ያስተማረህን ጋሼን መጠየቅ ደግሞ ከዚያም ይከብዳል። ከውስጥ የተመረጡ ዲኖች ሥራቸው የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙዎቹ ደብዳቤውን አይጽፉትም፣ ሌሎቹ ከጻፉት በኋላ ብቻቸውን ይቀራሉ።

የእኛ የሁለተኛው ጊዜ ምርጫ ከውስጥ ነበር። ተወዳዳሪው በኅትመት ብዛት ከሦስቱ የመጨረሻው ነበር። ኮሚቴው ግን ቤቱን ሲመረምር አንድ መዝገብ አገኘ። የነጻ ሕግ ድጋፉ ቢሮ የባለጉዳዮች መዝገብ ነው። ለአራት ዓመታት ያህል በአንድ ሰው የእጅ ጽሕፈት ተሞልቷል፦ የባለጉዳይ ስም፣ የጉዳዩ ዓይነት፣ ጉዳዩን የያዘው ተማሪ፣ የቀጠሮው ቀን፣ የተሰጠው ውሳኔ። ቀለብ የተከለከሉ እናቶች፣ ደመወዝ ያልተከፈላቸው የቤት ሠራተኞች፣ የመሬት ክርክር የያዙ አዛውንት ገበሬዎች። ማንም ሳያዝዘው፣ የኃላፊነት አበል ሳይከፈለው የያዘው ሥራ ነው። በቃለ መጠይቁ ስለዚያ መዝገብ ጠየቅነው። «ተማሪው ሲመረቅ ባለጉዳዩ ቀጠሮውን እንዳያጣ ብዬ ነው» አለ። ይህን የመለሰ ሰው ትምህርት ቤት ይይዛል ብዬ ድምፄን ሰጠሁ፤ አልተሳሳትኩም።

እንግዲህ ከውስጥ ስትመርጡ ከማዕረግና ከኅትመት በፊት ሳይሾም የሠራውን ሥራ ፈልጉ። በተጨማሪም ሰውዬው ለጓደኛው «አይሆንም» ያለበትን አንድ አጋጣሚ ከእርሱ ሳይሆን ከባልደረቦቹ ስሙ። ያን አጋጣሚ የሚያስታውስ ሰው ካጣችሁ፣ ምንም ያህል ቢወደድ፣ ወደ ሌላው አማራጭ ሂዱ።

ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ

ቤቱ በሁለት ጠረጴዛ ከተከፈለ ከውስጥ የሚመረጥ ሰው የግድ ከአንዱ ጠረጴዛ የተነሣ ነው። ያኔ የጅማው መምህር ለባሕር ዳር፣ የሐረማያው ለሐዋሳ መድኅን ሊሆን ይችላል። የራሱ ወገን የለውም፤ የድሮ ቂም አያውቅም፤ በነበረበት ቤት የተሠራውን መልካም ነገር ይዞ ይመጣል። በአንዱ ትምህርት ቤት የሚዘጋጅ መጽሔት በየዓመቱ ሳይቋረጥ ሲወጣ በሌላው የሚቋረጠው አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነውና ይህ ልምድ ዋጋ አለው።

በዚህ አማራጭ የሚታለፈው ጉዳይ ቤተሰብ ነው። ባለቤቱና ልጆቹ በቀድሞው ከተማ የቀሩበት ዲን ዓርብ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ወይም አውሮፕላን ላይ ነው፤ ሰኞ ጠዋትም አልደረሰም። የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር የመኖሪያ ቤት ሊሰጥ ይችል እንደሆነ፣ ለትዳር አጋሩ ሥራ ሊያፈላልግ ይችል እንደሆነ ከማስታወቂያው በፊት ጠይቁ። ካልቻለ ለአመልካቹ በግልጽ ንገሩት።

ሌላም ነገር አለ፤ ሳልናገር ባልፈው ሕሊናዬ አያርፍም። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣ አመልካች ሲቀርብ «የየት አገር ልጅ ነው?» የሚል ሹክሹክታ ይነሣል። አንዳንድ ጊዜ ከኮሚቴው ውጭ፣ አንዳንድ ጊዜ በኮሚቴው ውስጥ ይነሣል። ሕግ በምናስተምርበት ቤት፣ በሕግ ፊት እኩልነትን ለአንደኛ ዓመት ተማሪ በምንሰብክበት ቤት፣ የትውልድ ቦታ መስፈርት ሆኖ መግባቱ ያሳፍራል። ጥያቄው ሲነሣ በቃለ ጉባኤ እንዲመዘገብ ጠይቁ። በቃለ ጉባኤ ለመስፈር የሚደፍር ሹክሹክታ እስካሁን አላየሁም።

ከችሎት፣ ከዐቃቤ ሕግ ወይም ከጥብቅና የሚመጣ

ይህ አማራጭ መምህራንን ያስፈራል፤ እኔ ግን ብዙ ጊዜ ሊታሰብበት ይገባል እላለሁ። ምክንያቴም ይህ ነው። ተማሪዎቻችን ትምህርቱን የሚወስዱት በእንግሊዝኛ ነው። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የ1954ቱን የወንጀል ሥነ ሥርዓትና የ1958ቱን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በእንግሊዝኛ ተንትነው፣ በእንግሊዝኛ ተፈትነው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት ሲደርሱ የክስ ማመልከቻው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ ወይም በሌላ የክልል የሥራ ቋንቋ ነው። «መቃወሚያ» እና «መከላከያ መልስ» የሚባሉትን ሰነዶች በመጀመሪያው የሥራ ሳምንታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጽፉ ምሩቃን አይቻለሁ። ደግሞም በአዋጅ ቁጥር 454/1997 የሰበር ሰሚ ችሎት፣ ማለትም መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን የሚያርመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ችሎት፣ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ባሉ ፍርድ ቤቶች አስገዳጅ ከሆነ ወዲህ ሕጉን ማወቅ ማለት የሰበር ውሳኔዎች የታተሙባቸውን ቅጾች ማወቅም ሆኗል። ለሃያ ዓመት በችሎት የተቀመጠ ዳኛ ይህን ክፍተት ከማንም በላይ ያውቀዋል። ለልምምድ ቦታ ለማግኘትም አንድ ስልክ ይበቃዋል።

ነገር ግን ዳኛ የለመደው ዝምታ ነው፤ እርሱ ሲናገር ችሎቱ ያዳምጣል። መምህራን እንዲያ አይደሉም። የትምህርት ቤቱን ትምህርታዊ ጉዳዮች በሚመለከተው በአካዳሚክ ኮሚሽን ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት መምህር የዲኑን ሐሳብ ሦስት ጊዜ ይነቅፋል፤ ነቀፌታውም መብቱ ነው። ይህን እንደ ችሎት መድፈር የሚቆጥር ሰው በሴሚስተሩ መጨረሻ ብቻውን ይቀራል። ጠበቃ ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የጥብቅና ድርጅት ማቋቋም ከተፈቀደ ወዲህ ጥሩ ጠበቃ ቢሮውን ማስፋት የሚችልበት ጊዜ ነው። የዲን ደመወዝ ያንን አይተካለትም። ስለዚህ በግማሽ ልብ ይመጣል፦ ጠዋት ችሎት፣ ከሰዓት በኋላ ዲንነት። ይህን ስምምነት በፍጹም አትቀበሉ። የዲን ጊዜ ሲከፈል የሚጎዳው ተማሪው ነው፤ በተጨማሪም ዲኑ የያዘው ደንበኛ ከዩኒቨርሲቲው ወይም ከመምህራኑ ጋር ሲካሰስ ምን ሊሆን ነው?

የማዕረግ ጉዳይም አለ። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች በሴኔት መተዳደሪያቸው ለዲንነት የመምህርነት ማዕረግና የማስተማር ልምድ ይጠይቃሉ። ማስታወቂያውን ከማውጣታችሁ በፊት የራሳችሁን መተዳደሪያ አንቀጽ በአንቀጽ አንብቡ። ሕግ አስተማሪዎች የራሳቸውን ደንብ ሳያነቡ ዕጩ አሳልፈው ሹመቱ ሲሻር ማየት ከባድ ነው።

እንግዲህ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሌላ ቦታ ይገኝለት ይሆናል። የተግባር ትምህርትን የሚመራ ምክትል ዲን አድርጎ መጋበዝ፣ ወይም የነጻ ሕግ ድጋፉንና ምስለ ችሎቱን በኃላፊነት መስጠት ብዙ ጊዜ ከዲንነቱ ይበልጥ ይጠቅማል። ዲን አድርጋችሁ መምረጥ የሚኖርባችሁ ቤቱ በእርግጥ ከፍርድ ቤት ጋር ተራርቆ ሲገኝና ሰውዬው ቀድሞ በትርፍ ሰዓት አስተምሮ፣ ፈተና አርሞ፣ የመምህርን ጠባይ አውቆ ሲመጣ ነው።

ከውጭ አገር የሚመለስ

ይህ በታሪካችን የተፈተነ ነው። በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ። ከእርሳቸው ቀጥሎም ከአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ የመጡት ኩዊንቲን ጆንስተን ያንን ወንበር ይዘዋል። በዚያ ጊዜ የሕግ መጽሐፎቹ አዲስ ናቸው፤ የወንጀለኛ መቅጫው ከወጣ ሰባት ዓመት፣ የፍትሐ ብሔሩና የንግዱ ሕግ ከወጡ አራት ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላቸውም። የማስተማሪያ ጽሑፍ የለም፣ በሕጎቹ ላይ የሠለጠነ ኢትዮጵያዊ መምህር በጣት የሚቆጠር ነው። የውጭው ዲን ከፎርድ ፋውንዴሽን ገንዘብ አመጣ፣ መምህራን ከየአገሩ ሰበሰበ፣ ቤተ መጻሕፍቱን አደራጀ፤ በፋኩልቲው የሚታተመው የኢትዮጵያ የሕግ መጽሔትም እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ወጣ። ከባዶ ለማቋቋም ከውጭ የመጣ ሰው ተስማሚ እንደነበረ ይህ ያሳያል።

ዛሬ ግን አብዛኞቹ ቤቶቻችን ባዶ አይደሉም። በውጭ ለአሥርና ለአሥራ አምስት ዓመት ያስተማረ ኢትዮጵያዊ ምሁር ሲመለስ የሚያመጣው ግንኙነት፣ የምርምር ልማድና የመጽሔት አርትኦት ችሎታ ትልቅ ነው። የሚጎድለው የዛሬውን ቤት ማወቅ ነው። ለአንድ የአታሚ ቀለም ሦስት ፊርማ የሚጠየቅበትን አሠራር ካላወቀ በሦስተኛው ወር ይሰለቻል። የአገሩን ሕግም ምናልባት በአሮጌው መልኩ ነው የሚያውቀው፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992፣ አዲሱ የወንጀል ሕግ በ1996፣ አዲሱ የንግድ ሕግ በ2013 ዓ.ም. ነው የወጡት። እኔ ብሆን መጀመሪያ በጎብኚ መምህርነት አንድ ዓመት እንዲቆይ ጋብዤ ከዚያ በኋላ እመርጠዋለሁ። ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

ተጠባባቂ

አሁን ማንም እንደ ምርጫ የማይቆጥረውን ምርጫ ላንሣ። «እስኪመረጥ ድረስ» ተብሎ የሚሰየመው ተጠባባቂ ዲን በብዙ ቤቶች ሁለትና ሦስት ዓመት ይቆያል። ኮሚቴ ሳይሰበሰብ፣ ዕቅድ ሳይቀርብ፣ መምህራን ሳይጠየቁ በተግባር የተመረጠው እርሱ ነው።

ሰውዬውን አልወቅስም። የሚቀበለው በባልደረባነት ስሜት፣ ብዙ ጊዜም ተለምኖ ነው። የማስተማር ጭነቱ ሳይቀነስ፣ አንዳንድ ጊዜ አበሉም ሳይከፈለው ፊርማ ይሸከማል። ነገር ግን ተጠባባቂ ትልቅ ውሳኔ አይወስንም፤ መወሰንም አይገባውም። መምህር ለሦስተኛ ዲግሪ መላክን ያቆየዋል፣ የሥርዓተ ትምህርት ክለሳውን ያስተላልፈዋል፣ ከፍርድ ቤቱ ጋር የተፈረመው የልምምድ ስምምነት ጊዜው ሲያልፍ «አዲሱ ዲን ያድሰው» ይላል። ተማሪ እየገባና እየወጣ ሦስት ዓመት ያልፋል። ከተቆጨሁበት ምርጫ በፊት የነበረው ተጠባባቂ ለሁለት ዓመት ተኩል ቆየ፤ እኛም ከዚያ ለመውጣት ቸኩለን በነጥብ የበለጠውን መረጥን። የመረጥነው ሰው ጥሩ ተመራማሪ ነበር፤ ብዙ ጽሑፎችም ነበሩት። የቢሮው በር ግን ለምርምሩ ሲል ዝግ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ አራት መምህራን ለቀቁ፤ የነጻ ሕግ ድጋፉ ቢሮም ተዘጋ። ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም። እርሱ የሚወደውን ሥራ ትቶ የማይወደውን እንዲሠራ የጠየቅነው እኛ ነን፤ ይወደው እንደሆነም ሳንጠይቀው።

ስለዚህ ተጠባባቂ መሰየም የግድ ከሆነ በደብዳቤው ላይ የሚያበቃበት ቀን ይጻፍ፤ ከአንድ ሴሚስተር አይበልጥ። ተጠባባቂው በውድድሩ ይግባ ወይስ አይግባ የሚለውም አስቀድሞ ይወሰን። ከገባ ወንበሩ ላይ ሆኖ መወዳደሩ ሌሎቹን ያሸሻል፤ ካልገባ ደግሞ የአስመራጩ ኮሚቴ ጥሩ ጸሐፊ ይሆናል።

በውድድር፣ በድምፅ ወይስ በሹመት?

መንገዶቹ በአጭሩ ሦስት ናቸው። ክፍት ውድድር ማስታወቂያ አውጥቶ፣ ዕቅድ አስቀርቦ፣ ነጥብ ሰጥቶ ነው። የመምህራን ድምፅ ሁለተኛው ነው። የፕሬዚዳንቱ ቀጥተኛ ሹመት ሦስተኛው ነው። ሹመቱ ፈጣን ነው፤ የተሾመው ግን የሿሚው ሰው ተብሎ ይጀምራል። ድምፅ መምህራንን ባለቤት ያደርጋል፤ በተከፈለ ቤት ግን የበዛው ጠረጴዛ ያሸንፍና ክፍፍሉ በማኅተም ይጸናል። ውድድር ከሁሉም ይሻላል፣ ነጥቡ ትክክል ከተከፋፈለ። ለኅትመትና ለማዕረግ ከግማሽ በላይ ነጥብ ከሰጣችሁ ጥሩ ተመራማሪ ታገኛላችሁ፤ ዲን ማግኘታችሁ ግን ዕድል ነው። የመምህራንን ድምፅ ከነጥቡ አንድ ክፍል ማድረግ፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችንም በጽሑፍ ማስተያየት ማሳተፍ ጥሩ ማጣመሪያ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ሴቶች መምህራን ለዲንነት ሲያመለክቱ የማናየው ስለማይፈልጉ ነው የሚል አለ። ማስታወቂያ ለጥፎ መጠበቅ አይበቃም፤ ኮሚቴው ብቁ የሆነችውን ባልደረባ ሄዶ «አመልክቺ» ሊላት ይገባል። ለወንዶቹ ይህን የሚላቸው ጓደኛ መቼም አይጠፋም።

በቃለ መጠይቁ ምን ትጠይቃላችሁ?

የዕቅድ ገለጻው ላይ ብዙ ጊዜ አታጥፉ። ሁሉም ዕቅድ «የልህቀት ማእከል» ይላል። ከዚያ ይልቅ የትምህርት ቤቱን የሦስት ዓመት የመውጫ ፈተና ውጤት ከአንድ ቀን በፊት ስጡትና «ምን አየህ?» በሉት። ጥሩ ዕጩ ስለ ተማሪዎቹ ስንፍና አያወራም፤ የትኛው ትምህርት በማን፣ በስንት ተማሪ ክፍል፣ በምን ጽሑፍ እንደተሰጠ ይጠይቃል።

ሁለተኛ፣ እውነተኛ የሚመስል ችግር ስጡት። አንድ የፍርድ ቤት ኃላፊ ይደውልና የዘመዱን ልጅ ውጤት «እንዲታይለት» ይጠይቃል። ያው ኃላፊ ለሃያ ተማሪዎች የልምምድ ቦታ የሚፈቅደው ሰው ነው። ምን ትለዋለህ? «አይሆንም» ማለቱን ሁሉም ያውቀዋል። እናንተ ማዳመጥ ያለባችሁ እንዴት እንደሚለው፣ ከዚያ በኋላም ለሃያዎቹ ተማሪዎች ምን እንደሚያደርግ ነው።

ሦስተኛ፣ የትኛውን ትምህርት ማስተማር እንደሚቀጥል ጠይቁት። ጨርሶ የማያስተምር ዲን ከተማሪው ይርቃል፤ ሙሉ ጭነት የሚይዝ ደግሞ ዲንነቱን ይተዋል። በሴሚስተር አንድ ትምህርት፣ በተለይ የአንደኛ ዓመት፣ ተገቢ ይመስለኛል። ዲኑ ገና የገቡትን ልጆች ስማቸውን እየጠራ ሲያስተምር ብዙ ነገር ይሰማል።

ምስክሮችን በሚመለከት ዕጩው የሰጣችሁን ስሞች ብቻ አትደውሉ። ጸሐፊዋን ጠይቁ፤ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ጠይቁ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ያማከረውን ምሩቅ ጠይቁ። የመመረቂያ ጽሑፍ ረቂቅ ለማንበብ ስንት ሳምንት ይፈጅበት እንደነበር የሚነግራችሁ ያ ምሩቅ ነው፤ ዲን ሆኖ ደብዳቤ ለመመለስም ያንኑ ያህል ይፈጅበታል።

ዕጩውም እናንተን ይጠይቃችሁ። የማስተማር ጭነቱ በስንት ይቀነሳል? ምክትሎቹን ራሱ ይመርጣል? የነጻ ሕግ ድጋፉ በጀት በስሙ ተለይቶ ይያዛል ወይስ ከአጠቃላዩ ይለመናል? እነዚህን ሳይጠይቅ «ደስ ይለኛል» ያለ ሰው ወይ ቤቱን አላወቀም ወይ ወንበሩን ብቻ ፈልጓል። ፕሬዚዳንቱም መልሱን በጽሑፍ ይስጥ። በቃል የተሰጠ ተስፋ ፕሬዚዳንቱ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ርክክቡ

ምርጫው በሹመት ደብዳቤው አያልቅም። የሚለቀው ዲን ወይም ተጠባባቂው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ከአዲሱ ጋር ይቀመጥ። በርክክቡ ሰነድ ላይ ወንበርና ኮምፒውተር ብቻ አይቆጠር። ለትምህርት የሄዱ መምህራን የሚመለሱበት ቀንና የፈረሙት ውል፣ ያልገቡ ውጤቶች ከነመምህሩ ስም፣ ከፍርድ ቤቶችና ከማረሚያ ቤት ጋር የተፈረሙ ስምምነቶች የሚያበቁበት ቀን፣ በመጽሔቱ እጅ ያሉ ገና ያልተገመገሙ ጽሑፎች፣ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ያሉ ጉዳዮች ይዘርዘሩ። የነጻ ሕግ ድጋፉ መዝገብ ለብቻው ይረከብ፤ በሚቀጥሉት ሠላሳ ቀናት ውስጥ ቀጠሮ ያላቸው ባለጉዳዮች ስም ተለይቶ፣ ጉዳዩን የያዘው ተማሪና የሚተካው ተማሪ ስም በጎኑ ተጽፎ።